በወር አበባ ሰሞን የምትታይ ትንሽ ደም

ሁለት ጊዜ አርግዣለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደም ታይቶኛል። የመጀመሪያው አልጸናልኝም። ሁለተኛዋ ዛሬ ግቢው ውስጥ ዶሮ እያባረረች የምታስቸግረኝ ልጄ ናት።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ አስተማሪ ነኝ። የሥራ ባልደረቦቼም፣ መንዝ ያሉ የአክስቶቼ ልጆችም አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። "ትንሽ ደም አየሁ፤ የወር አበባም አይመስልም። አርግዤ ይሆን? ወይስ እየወረደብኝ ነው?" ይሉኛል። ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ሐኪም አይደለሁም። ግን በሁለቱም በኩል አልፌበታለሁ፤ ከአዋላጅ ነርሶችና ከሐኪሞች እየጠየቅሁ የተማርኩትም አለ። ሁልጊዜ በስልክ በግማሽ የምናገረውን ዛሬ ሙሉውን ልጻፈው።

በልጄ ልጀምር።

ነሐሴ ነበር። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ፍልሰታ ገብቷል። ደብረ ብርሃን በነሐሴ እንዴት እንደሚበርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ነሐሴ 7፣ የጽንሰታ ዕለት፣ ሥላሴ ላስቀድስ ሌሊት ተነስቼ ስታጠብ ነው ያየኋት። ከአውራ ጣት ጥፍር አትሰፋም። ቀለሟ ስጋ የታጠበበት ውሃ ይመስላል፤ ቀላ ያለች፣ ግን የሳሳች። ረፋድ ላይ ወደ ቡናማ ሄደች። ሞዴስ አድርጌ ዋልኩ። ማታ ሳወጣው መሃሉ ላይ ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ነው ያለው። በማግስቱ ትንሽ ቡናማ ነገር አየሁና በዚያው ጠፋ።

ደም የታያት ሴት ቤተ መቅደስ አትገባምና ያን ዕለት ነጠላዬን ተከናንቤ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆሜ ነው ያስቀደስኩት። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማኛል፤ ሐሳቤ ግን ሌላ ቦታ ነው። ቀኔ ገና አልደረሰም። ደሙም የኔን አይመስልም።

የኔ የወር አበባ ሲመጣ ያስታውቃል። ከዋዜማው ጀምሮ ወገቤን ይዞኝ ያድራል። መጀመሪያው ቀን ቁርጠት ነው። ሁለተኛው ቀን ደሙ ይበረታል፤ አንዳንዴ የረጋም ይኖረዋል። የነሐሴዋ ግን ሳትጨምር ጠፋች። ቁርጠት የለም፣ የረጋ ደም የለም፣ ሞዴስ አልሞላም። ብዙ ሴቶች ቀለሙን ብቻ ነው የሚያዩት። እኔ ግን ከቀለሙ ይልቅ አካሄዱን እዩ እላለሁ። የወር አበባ ጀምሮ እየበረታ ይሄዳል፤ ይቺ ግን እንደሳሳች መጥታ እንደሳሳች ታልፋለች። ከጥቂት ሰዓት እስከ ሁለት ሦስት ቀን ብትቆይ ነው። ጡቴም ሲነካ ያመኝ ነበር፤ እሱ ግን የወር አበባ ሲቃረብም ስለሚያመኝ ምልክት ነው ብዬ አልያዝኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንቁላሉ ከወንዱ ዘር ጋር የሚገናኘው ከማህፀን ግራና ቀኝ ካሉት ቱቦዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ከዚያ እየተከፋፈለ ወደ ማህፀን ይወርዳል። እንቁላል ከወጣ ከ6 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የማህፀኑ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ይጣበቃል፤ ገብቶም ይቀበራል። ሽፋኑ በዚያ ጊዜ በጥቃቅን የደም ሥር የተሞላ ነው። ሲነካ ትንሽ ደም ሊያወጣ ይችላል። በ28 ቀን የምታይ ሴት እንቁላሏ የሚወጣው 14ኛው ቀን አካባቢ ስለሆነ፣ ይህ ሁሉ የሚሆነው የወር አበባዋ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ወይም በዚያው ሰሞን ነው። ግራ የሚያጋባውም ለዚህ ነው።

ሁሉም ሴት ግን አታየውም። የእናቴን ልጆች ሁሉ ብትጠይቁ እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። "ደም አላየሁም፤ ስለዚህ አላረገዝኩም" ማለት አይሠራም። "ደም ስላየሁ አርግዣለሁ" ማለትም እንደዚያው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ከ100 ነፍሰ ጡሮች ከ15 እስከ 25 የሚሆኑት በሆነ መልኩ ደም ይታያቸዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ እርግዝናቸው ይቀጥላል። ደሙን አይቶ ብቻ "ይህ የእርግዝና ነው" ብሎ መቁረጥ ግን አዋላጇም፣ ሐኪሙም አይችሉም። የሚለየው ምርመራ ነው።

ስለ ምርመራው ጊዜ ላስረዳ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። የሽንት ምርመራው የሚፈልገው ኤችሲጂ የሚባለውን ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን ወደ እናትየዋ ደም መግባት የሚጀምረው ጽንሱ ከተጣበቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ነው፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ እጥፍ እየሆነ ያድጋል። ስለዚህ ደሙ በታየ ዕለት ሮጣችሁ ብትመረመሩ "የለም" ሊላችሁ ይችላል፤ እርጉዝ ሆናችሁ እያለ። ቀናችሁ እስኪያልፍ ጠብቁ። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ተጠቀሙ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስለተጠራቀመ ሆርሞኑ ይበዛበታል። "የለም" ካለና የወር አበባችሁ ከቀረ፣ በሳምንቱ ድገሙት። ውጤቱንም ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ አንብቡ። ስትሪፑን አስቀምጦ ማታ መጥቶ ማየት ያሳስታል፤ ሲደርቅ ልትታይ የምትችል ሐሰተኛ መስመር አለች።

እኔ ከፋርማሲ ነው የገዛሁት። አስተማሪ ስለሆንኩ ከተማው ያውቀኛል፤ ልጃገረድ ተማሪዬ ከኋላዬ ተሰልፋ ነበር። አላፈርኩም፤ ለሷም ማየቱ ክፉ አይደለም ብዬ ነው ያሰብኩት። ቤት ገብቼ በማግስቱ ጠዋት ሞከርኩት። ሁለተኛዋ መስመር በጣም ደብዝዛ ወጣች። ባለቤቴ መስኮቱ ጋ ወስዶ አያት፤ መልሶ አያት፤ "አለች፣ አይደል?" አለኝ። አለች። ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅም በኋላ ይህንኑ ነገረችኝ፤ በሰዓቱ የታየች መስመር ደበዘዘችም ደመቀችም ያው መስመር ናት፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ስትደግሚው ትደምቃለች አለችኝ። ፋርማሲ የማይመቻችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ እዚያም ይመረምሯችኋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው እርግዝናዬ ልመለስ። እሱን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ልዩነቱን የምታዩት ከሱ ነው።

ያኔ እርጉዝ መሆኔን አውቄ፣ ማቅለሽለሹም ጀምሮኝ ነበር። ደሙ ሲጀምር ቡናማ ነው፤ ትንሽ ነው። በማግስቱ ቀላ። ማታ ላይ ወገቤን ያዘኝ፤ ከእምብርቴ በታች እየጨበጠ የሚለቅ ቁርጠት መጣ። ሌሊቱን ደሙ በዛ፤ የረጋ ነገርም ወጣ። ነግቶ ጤና ጣቢያ ስደርስ ሙሉ ሞዴስ ቀይሬ ነበር። ደም ግፊቴን ለኩ፣ የደም መጠኔንና የደም ዓይነቴን አዩ፤ ከዚያ ለአልትራሳውንድ ወደ ሆስፒታል ላኩኝ። ጽንሱ ወርዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ወሬ ነው ከደሙ በላይ ያመመኝ። "ውሃ ተሸክመሽ ነው።" "እንጀራ ስትጋግሪ ምች መቶሽ ነው።" "ዓይን ነው።" "ሰሌዳ ላይ እጅሽን ሰቅለሽ ስትጽፊ ትውያለሽ፤ እሱ ነው።" ሁሉም የሚሉት ከፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ሌሊት ሌሊት የቱን ጀሪካን ባላነሳ ኖሮ እያልኩ አስብ ነበር። ሐኪሙን ጠየቅሁት። በእርጋታ ነው ያስረዳኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚወርዱት ጽንሶች አብዛኞቹ የሚወርዱት ገና ከመነሻው የክሮሞዞም (ከእናትና ከአባት የሚወረሰውን የሚሸከም የሴል ክፍል) ችግር ስላለባቸው ነው። ጀሪካን፣ ምጣድ፣ ጠመኔ፣ መንገድ አያወርዳቸውም። ከታወቁት እርግዝናዎች ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት እንዲህ ይጠፋሉ። ይህን ስሰማ አለቀስኩ፤ ግን የሆነ ሸክም ወረደልኝ። ይህን የምታነብ፣ ጽንሷ የወረደባት እህት ካለች፣ ይህን አንቀጽ ለሷ ነው የጻፍኩት። በሥራሽ ያመጣሽው አይደለም። ሌላው ሰው የሚልሽን አትሸከሚ።

እናቴ ደግሞ ከመሐል ሜዳ ድረስ መጥታ "ልጄ፣ በሁለተኛው ከአልጋ እንዳትወርጂ" ብላኝ ነበር። እናት ናት። ሁለተኛው ላይ ያቺ ደም ስትታየኝ "ተኚ" ብላ በስልክ አስጨነቀችኝ። ሐኪሙ ግን መተኛት ጽንስ እንዳይወርድ እንደሚያደርግ አልተረጋገጠም አለኝ። ከባድ ነገር ሲደክመኝ ተውኩ፤ የቀረውን ሥራዬን ሠራሁ። ደሙ እስኪጠራ ግንኙነት ብንታገሥ መልካም እንደሆነም ነግሮናል።

ሦስተኛው ታሪክ የኔ አይደለም፤ ግን እጄ ላይ የደረሰ ነው። የባለቤቴ እህት ከደብረ ሲና ወጣ ብላ ገጠር ነው የምትኖረው። የወር አበባዋ ቀርቶባት ነበር፤ ከዚያ ትንሽ ጠቆር ያለ ደም አየች። ትንሽ ነበር፤ ከኔ የነሐሴዋ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ማንም አልደነገጠም። በሦስተኛው ቀን በአንድ ጎኗ፣ ከሆዷ ሥር፣ ኃይለኛ ሕመም ያዛት። ቀጥሎ ትከሻዋን አመማት፤ "ትከሻዬን ምን ሆኜ ነው?" ትላለች። ከመደብ ልትነሳ ስትል ራሷን ሳተች። የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት የለየችው። አምቡላንስ ጠራች። ጣርማ በርን በጉም አቋርጠው ደብረ ብርሃን አደረሷት፤ በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ጽንሱ ያረፈው ማህፀን ውስጥ ሳይሆን ቱቦው ውስጥ ነበር፤ ቱቦው ተቀድዶ ደሙ ወደ ሆዷ እየፈሰሰ ነበር። ትከሻ የሚያመውም ለዚህ ነው፤ ሆድ ውስጥ የፈሰሰው ደም ድያፍራሙን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) ሲነካ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ዛሬ ደህና ናት። በቀረላት አንድ ቱቦ አርግዛ ወልዳለች።

ከሷ የተማርኩትን ለሁሉም ሰው እናገራለሁ። በውጭ የሚታየው ደም ትንሽ መሆኑ ብቻ አያረጋጋ። ከማህፀን ውጭ የሆነ እርግዝና ከ100 እርግዝና በአንድ ወይም በሁለት ላይ ይደርሳል፤ ብዙ አይደለም፤ ሲደርስ ግን ይገድላል። እርጉዝ የሆነች ወይም የወር አበባዋ የቀረባት ሴት ደም አይታ በአንድ ጎን የበረታ ሕመም ካለባት፣ ትከሻዋን ካመማት፣ ካዞራት ወይም ራሷን ከሳተች፣ ነገ አይባልም። ሞዴሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰም፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለም እንዲሁ። አንኮበር ገደሉ ሥር፣ ጌሼ ወይም ምንጃር ዳር ያላችሁ ደግሞ መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ በክረምት ወንዙ ሞልቶ መኪና የማያልፍበት ቀን አለ። ስለዚህ ሕመሙ እስኪጠና አትጠብቁ። የወረዳውን አምቡላንስ ስልክና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ስልክ አሁኑኑ፣ ደህና ሆናችሁ ሳለ፣ በቤቱ ሰው ሁሉ ስልክ ላይ መዝግቡት።

በኛ አገር እርግዝና ሦስት ወር ሳይሞላው አይወራም። ልማዱን አልነቅፍም፤ እኔም ጠብቄዋለሁ። ግን ቢያንስ አንድ ሰው ይወቅ። የባለቤቴ እህት ራሷን ስትስት ቤት ውስጥ የነበረችው አማቷ ነች፤ እርጉዝ መሆኗን አታውቅም ነበር። ባለሙያዋ "የወር አበባዋ መቼ ቀረ?" ብላ ስትጠይቅ የሚመልስላት ጠፍቶ ነበር።

አሁን ወደ ቀኑ ጉዳይ ልምጣ፤ ለኔ ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ሴቶች ሳያውቁት የሚያልፍ ነገር ይህ ነው።

ለክትትል ጤና ጣቢያ ስሄድ አዋላጇ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "የመጨረሻ የወር አበባሽን ያየሽው መቼ ነው?" ብላ ነው።

"ሲስተር፣ ሐምሌ 12፣ ሚካኤል ዕለት ነው። ነሐሴ 7 ደግሞ ትንሽ ደም አይቻለሁ" አልኳት።

እስክሪብቶዋን አቆመች። "የነሐሴው እንደ ወትሮሽ ነበር? ስንት ሞዴስ ሞላ? ቁርጠት ነበረው?"

ነገርኳት። ቀኑን እርግጠኛ የሆንኩት ያን ዕለት ደጀ ሰላም ቆሜ ስላስቀደስኩ ነው።

"እንግዲያው የምንቆጥረው ከሐምሌው ነው" አለችና ካርዱ ላይ ሐምሌ 12 ብላ ጻፈች።

ይህ ጥያቄ ባይጠየቅና የነሐሴዋ እንደ ወር አበባ ብትቆጠር እርግዝናዬ በ25 ቀን ተሳስቶ ይመዘገብ ነበር። ምን ያመጣል? በየክትትሉ ሆድሽ ከወሩ በለጠ ይባላል። ምጥ በሰዓቱ ሲመጣ ያለጊዜው መጣ ተብሎ ቤተሰብ ይሸበራል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ቀኑ ያለፈበት ልጅ "ገና ነው" እየተባለ መቆየቱ ነው። 42 ሳምንት ያለፈ እርግዝና ለልጁ አደገኛ ነው፤ ካርዱ 38 ካለ ግን ማንም አይነቃም።

የመውለጃ ቀን አቆጣጠሩን እሷው አስተማረችኝ፤ በኛ የዘመን አቆጣጠር ቀላል ነው። እርግዝና የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው፤ 280 ቀን። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ 9 ወር ከ10 ቀን ይሆናል። በመሃል ጳጉሜን ካለች ግን 10 ቀን ሳይሆን 5 ቀን ብቻ ይጨመራል፤ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት 4። ጥቅምት 3 ያየች ሴት ሐምሌ 13 ትጠብቃለች። ጥር 3 ያየች ግን ጳጉሜን ስለምታልፍ ጥቅምት 8። የኔ ሐምሌ 12 ሚያዝያ 17 ላይ ወደቀ። ልጄም በዚያው ሰሞን መጣች። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተነሳሁት አልትራሳውንድም ከሐምሌው ጋር ነው የገጠመው። ቀኑን ያልያዘች ሴት ካለች በጊዜ አልትራሳውንድ ትነሳ፤ እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ አልትራሳውንዱ ቀን የመለየት አቅሙ ይቀንሳል።

ቀን ለመያዝ ማስታወሻ ደብተር አያስፈልግም። እናቶቻችን ወሩን በበዓል ነው የሚያውቁት፤ ልደታ፣ አቦ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ መድኃኔዓለም። ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር የመጀመሪያውን ቀን አክብቡ። አንድ ነገር ግን አስተውሉ። በ28 ቀን የምታይ ሴት በኛ ካላንደር በየወሩ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ትመጣለች። ባለፈው ወር በገብርኤል ካየች፣ በሚቀጥለው ወር 17 ላይ ናት። ከነሐሴ ወደ መስከረም ስትሻገር ደግሞ በጳጉሜ ምክንያት 7 ቀን ትቀድማለች። "የወር አበባዬ ተዛባ" ብለው የሚጨነቁ አሉ፤ ምንም አልተዛባም። በክብ ስታሰፍሩት ይታያችኋል። ጠብ ያለች ትንሽ ደም ካያችሁ ደግሞ አታክቧት፤ ነጥብ ብቻ አድርጉባት። እኔ እንዲያ ነው የማደርገው፤ ክቡ የወር አበባ፣ ነጥቡ ሌላ።

ትንሽ ደም ሁልጊዜ ከእርግዝና ጋር አይያያዝም። ለእርግዝና መከላከያ የሦስት ወር መርፌ የምትወስድ፣ ክንዷ ላይ የተቀበረላት ወይም እንክብል የምትውጥ ሴት በመሃል ጠብ ጠብ ሊልባት ይችላል። ድንገተኛ መከላከያ የወሰደችም እንዲሁ። የማህፀን በር ኢንፌክሽንም ያደማል። ከግንኙነት በኋላ በተደጋጋሚ ደም የምታይ ሴት ግን ትመርመር፤ በተለይ ዕድሜዋ 30 ካለፈ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ በየጤና ጣቢያው እየተሰጠ ነው፤ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

እርጉዝ ልሆን እችላለሁ ብላችሁ በምትጠረጥሩባቸው ቀናት ምን እንደምትወስዱ ተጠንቀቁ። ኮሶ አይጠጣም። ደሙን እንዲያቆም ወይም "ማህፀን እንዲያጠብ" ተብሎ የሚቀመም ሥር ቅጠል አትጠጡ፤ ሰጪው የቅርብ ሰው ቢሆንም። ሕመም ካለ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በራሳችሁ አትዋጡ፤ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱንም ጠይቃችሁ። ፎሊክ አሲድ ግን አሁኑኑ መጀመር ጥሩ ነው፤ በቀን 400 ማይክሮግራም። የልጁ አከርካሪና አንጎል የሚሠራው በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ነው፤ ብዙዎቻችን እርጉዝ መሆናችንን በቅጡ ሳናውቅ። ስለ ጾሙ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። "ልጄ፣ ሐኪም ካዘዘሽ ብዪ" አሉኝ፤ በላሁ።

የደም ዓይነት ነገር ቀረኝ። የእናትየዋ ደም ኔጌቲቭ፣ የአባትየው ፖዘቲቭ ከሆነ ሾተላይ የምንለው ችግር ሊመጣ ይችላል። የጽንሱ ደም ከእናትየዋ ጋር ሲነካካ ሰውነቷ የሚቀጥለውን ልጅ ደም የሚያጠቃ ነገር ማምረት ይጀምራል። ለዚህ መርፌ አለው። ኔጌቲቭ የሆነች ሴት በእርግዝና ጊዜ ደም ከታያት ወይም ጽንስ ከወረደባት መርፌው ያስፈልጋት እንደሆነ ሐኪሟ ይወስናል፤ የሚሰጠውም በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ስለዚህ "ወርዶ አለቀ፤ ምን ልሠራ እሄዳለሁ" ብላችሁ ቤት አትቅሩ። መንዝ ውስጥ ብዙ ልጅ የሞተባቸው እናቶች በሾተላይ ስም ሲታሙ ሰምቼ ነው ያደግሁት፤ ያኔ ምርመራውም መርፌውም አልነበራቸውም። እኛ አለን።

ስትሄዱ ባለሙያዋ የምትጠይቃችሁ ይህን ነው። የመጨረሻው ትክክለኛ የወር አበባ መቼ ጀመረ? ይህኛው ደም መቼ ታየ፣ ስንት ቀን ቆየ፣ ቀለሙ ምን ነበር፣ ስንት ሞዴስ ወይም ጨርቅ አረሰ፣ የረጋ ነበረው? ሕመም ካለ የት ነው፣ በአንድ ጎን ነው ወይስ መሃል? ምን መከላከያ ትወስጃለሽ? ከዚህ በፊት የወረደ ወይም ከማህፀን ውጭ የሆነ እርግዝና ነበረሽ? መልሱን መንገድ ላይ አስቡት፤ እዚያ ደርሶ በድንጋጤ መርሳት አለ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል አያስከፍልም። የመጀመሪያው ክትትል ሦስት ወር ሳይሞላ ቢሆን ይመረጣል። የድሮ ካርድ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ የደም ዓይነታችሁ ካልተጻፈበት አጽፉት።